ስጦታችን በስልክ ሲሆን



እዚህ ቁይ ጤፍ ሸጣ የምትመለስ እናት ስጦታዋን በመቀነቷ ቋጥራ ነበር ወደ ጸሎት ቤት የምታመጣው። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ልጇ ከስልኩ በደቂቃ ይልካል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መደወል የሚችል ሰው ስልኩ ባለ ቁልፍ ቢሆንም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያየን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

በስልክ የሚሰጥ ነገር ጉልበቱ ከብዛቱ ነው። ለሕዳሴ ግድብ «ኤ» የምትለዋን ፊደል ወደ 8100 የላካችሁ ታስታውሳላችሁ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2003 ዓ.ም. ክረምት በድርቅ ለተጎዱ ወገኖቿ ስትሰበስብ፣ ከኩባንያዎች ሌላ ተራው ሕዝብ በኤም-ፔሳ ጥቂት ጥቂት ሽልንግ ልኳል። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ብትኖር ወረፋ ሳትይዝ በሰጠች ነበር!

ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ለታመመ ወንድም ወይም ለሙት ልጆች ደብተር ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ እህት ወይም የአንድ ወንድም የግል ስልክ ቁጥር ነው። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የቤቱ የዘይትና የበርበሬ ብር ከሙት ልጆቹ ብር ጋር በአንድ ስልክ ከተቀላቀለ፣ ታማኝነቱን በምን ያስረዳል? ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ለብቻው አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። ጳውሎስን የሚጠራጠረው ማን ነበር? እርሱ ግን ተጠነቀቀ። እንግዲህ ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ወይም በኅብረቱ ስም ይከፈት፤ ያለ ሁለት ሦስት ሰው ፊርማም አይውጣ። የሚለምናችሁ ድርጅት ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገቡን ጠይቁ። መጠየቅ የፍቅር ማነስ አይደለም። የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ከማናውቀው ሰው የሒሳብ ቁጥር ጋር ሲመጣማ፣ ሳይደውሉና ሳያጣሩ መላክ ለአታላይ ደመወዝ መክፈል ነው።

ባለትዳሮች፣ ይህኛው ለእናንተ ነው። በመሶብ ላይ የተቀመጠ ብር ሲጎድል ይታያል፤ ከስልክ የሄደው ግን አይታይም። ባል በልቡ ተነክቶ ሦስት ሺህ ብር ይልካል፤ ሚስት የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ታውቃለች። ግራ እጅህ አትወቅ የተባለው ለሰው ይታይ ብለው ለሚሰጡ እንጂ ከትዳር ጓደኛ ለመሸሸግ አይደለም። በእርግጥ ሐናንያና ሰጲራም ተስማምተው ነበር፤ የተስማሙት ግን በውሸት ነው። በወር ስንት በስልክ እንደምትሰጡ አብራችሁ ጸልያችሁ ወስኑ።

ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን የምትልኩ ልጆችም፣ ሚስጥር ቁጥራቸውን በጉባኤው መካከል ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ። ከላካችሁ በኋላ የመጣውን መልእክት አንብቡላቸው።

የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን በአባላት ፊት ያነብ የለ? እኛም ገንዘቡን በስልክ ከተቀበልን ሒሳቡን በስልክ እንመልስ፦ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ደብተር ተገዛ፣ ይህን ያህል ቀረ። ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም ላለው ሰጪ ይህችን አጭር መልእክት ለመላክ የሚወጣው ሳንቲም ነው።