ኤክሴል ወይስ ነፃው ሶፍትዌር? የቤት ኮምፒውተር ሙግት

በአንድ ወገን የሒሳብ ባለሙያ፣ በሌላው ወገን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ሁለቱም የተጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ቤት ውስጥ ላለ ኮምፒውተር ከሶፍትዌር ሁሉ የሚመርጡት የትኛውን ነው? የሚጠሉትስ?

የሒሳብ ባለሙያው፦ ልጆቻችን የሚቀጠሩት በኤክሴል ነው

ምርጫዬን ሳላንዛዛ ልናገር። ለቤት ኮምፒውተር ከሁሉ አስቀድሜ የምጭነው ኤክሴልን ነው፤ ቀጥሎ የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን። የሁለቱም ማደሪያ ዊንዶውስ ነው። አምርሬ የምጠላው ደግሞ «ያው ነው፤ ምንም ልዩነት የለውም» እየተባለ በኤክሴል ቦታ የሚጫነውን ነፃውን ሊብሬኦፊስን ነው። ልዩነት አለው። ዕዳው የሚወድቀውም ሥራ ፈላጊው ልጅ ላይ ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። የድረ ገጽ ጉብኝት እየቆጠረ በየወሩ ድርሻ የሚያወጣው ስታትካውንተር እንደሚያሳየው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከነበሩት የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ኮምፒውተሮች ከመቶ ከ70 በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በዊንዶውስ ነበር። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ በዚያው ዓመት 4 ከመቶ ገደማ ስለደረሰ ደጋፊዎቹ ደስታቸውን ገልጸዋል። ሊኑክስ የተጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ለ33 ዓመት በነፃ ሲታደል ኖሮ ከመቶ ሰው የወሰደው አራቱ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሕዝብ ሁሉ ተታልሏል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ዛሬ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አንሡና አንብቡ። ለጸሐፊ፣ ለግዥ ሠራተኛ፣ ለንብረት ክፍል «የኮምፒውተር ችሎታ» ተብሎ ሲዘረዘር የሚመጣው ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወርፖይንት ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ፒችትሪ ይጨመርበታል። አምራቹ ስሙን ቀይሮ ሴጅ 50 ካለው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዘንድ ግን ቀጣሪውም ተቀጣሪውም አሁንም ፒችትሪ ነው የሚለው። ይህ ሶፍትዌር የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ለሊኑክስ የተዘጋጀ ፒችትሪ የለም። ቤቱ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ የተጫነለት የአካውንቲንግ ተማሪ የሚለማመደው እንግዲህ በምን ላይ ነው?

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ላሳያችሁ። በየወሩ መጨረሻ የደመወዝ መክፈያ የምሠራበት የኤክሴል ፋይል አለኝ። የሠራተኛውን ስም፣ ደመወዙንና የትርፍ ሰዓቱን ሳስገባ የሥራ ግብሩን፣ ከሠራተኛው የሚቆረጠውን የጡረታ 7 ከመቶና አሠሪው የሚጨምረውን 11 ከመቶ ራሱ ያሰላል። ማክሮ ስላለው አንዲት ቁልፍ ስጫን የእያንዳንዱ ሠራተኛ የክፍያ ወረቀት ለየብቻው ተዘጋጅቶ ይወጣል። ይህንኑ ፋይል አንድ ወዳጄ ቤት በሊብሬኦፊስ ከፈትኩት። ቁጥሮቹ በሙሉ አሉ፤ ቁልፏ ግን አትሠራም። የኤክሴል ማክሮዎች በሊብሬኦፊስ የሚሠሩት በከፊል ብቻ ነው። በወርድ የተዘጋጀ የሥራ ልምድ መግለጫም እዚያ ሲከፈት ሠንጠረዡ ተንሸራቶ አንዱ ገጽ ሁለት ሲሆን አይቻለሁ። ቀጣሪው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል።

ዋጋውስ ለሚሉ፦ የዊንዶውስ 11 የቤት እትም በአምራቹ የዋጋ ዝርዝር 139 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 8 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ16 ሺህ ብር በላይ ነው። ኦፊስ ለብቻው ይከፈልበታል። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ በኪሱ የያዘ ሰው ስንት ነው? የሚችል ይግዛ። አቅም አጥቶ ሌላ ሰው የጫነለትን የሚጠቀም ወላጅ ላይ ግን እኔ አልፈርድም።

መምህርቷ፦ በልጆቼ ፊት የተሰረቀ ነገር አልከፍትም

ወንድሜ የዓለምን ኮምፒውተር ቆጥረው አሳዩን። እኔ ስለ አንድ ኮምፒውተር ነው የምናገረው፤ ሳሎን ጥግ ስላለው፣ ልጆች የቤት ሥራ ስለሚሠሩበት። የምወደው ሊብሬኦፊስን፣ የኢንተርኔት መክፈቻውን ፋየርፎክስን፣ የፊልም ማጫወቻውን ቪኤልሲንና እነዚህ ሁሉ የሚሠሩበትን ኡቡንቱን ነው። ከሁሉ የምጠላው ዊንዶውስን ወይም ኤክሴልን አይደለም። የምጠላው ያልተገዛን ሶፍትዌር እንደተገዛ አስመስሎ የሚያሠራውን፣ አክቲቬተር ወይም ክራክ የሚባለውን ነው።

ኮምፒውተር ፎርማት የሚደረግበት ሱቅ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆሜ አይቻለሁ። የሱቁ ልጅ ከኪሱ ፍላሽ ያወጣል። ዊንዶውሱን ጭኖ ሲጨርስ ቀዳሚ ሥራው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። ለምን ስትሉት «ክራኩን ይበላብኛል» ይላችኋል። ከዚያ አክቲቬተሩን ይከፍታል። ጥቁር መስኮት ብቅ ይልና ነጭ ጽሑፍ ይሮጥበታል፤ ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ይጠፋል። «አለቀ» ይልና ሒሳቡን ይቀበላል። ያ ጥቁር መስኮት በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደሠራ ልጁ አያውቅም። ባለቤቱም አያውቅም። ጠባቂው ተሰናብቶ፣ ማንነቱ ለማይታወቅ እንግዳ የቤቱ ቁልፍ በሙሉ ተሰጥቶታል።

ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለች የደረሰባትን ልንገራችሁ። ላፕቶፗን እንዲሁ አስጭና፣ በኋላ አክቲቬሽኑ አልቋል የሚል ማስታወቂያ ሲያስቸግራት ሌላ አክቲቬተር ራሷ ከኢንተርኔት አወረደች። በማግስቱ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፏን ልትከፍት ብትሞክር አይከፈትም። እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ ጀርባ የማታውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለውበታል። የእናቷ ፎቶ፣ የሰበሰበችው መጠይቅ፣ ሁሉም። በየፎልደሩ ውስጥ ሪድሚ የሚል አንድ ጽሑፍ ተቀምጧል፦ ፋይሎችሽን ለማስመለስ 980 ዶላር ክፈይ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተገናኘሽን 490 ይበቃል። ይህ ስቶፕ የሚባለው ፋይል አጋች ቫይረስ ነው። በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ የኖረውም በዋናነት በክራክና በአክቲቬተር ውስጥ ተደብቆ ነው። ልጅቷ 490 ዶላር ከየት ታመጣለች? ለአማካሪዋ በወረቀት ሰጥታው የነበረው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ተረፈ። ሌላውን እንደ አዲስ ጻፈችው።

ወንድሜ ስለ ቀጣሪዎች ሲነግሩን ይህ በሒሳባቸው ውስጥ የለም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር አብሮ ይጠብቃል። እኛ መምህራን የኮረጀ ተማሪ ስንይዝ ወረቀቱን እንቀማለን፤ ወላጁን እንጠራለን። ያ ልጅ ቤቱ ሲገባ አባቱ የሌላ ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ሲያስጭን እያየ ካደገ፣ ክፍል ውስጥ የምነግረውን በምን አንጀቱ ይቀበለኛል? ከነገሩ ጦም እደሩ ይላሉ አባቶቻችን። ደግሞ እኮ ጦም የሚያሳድር ነገር የለም፤ ማዕዱ ቀርቧል። ቪኤልሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አጠገብ የአንድ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ በ2001 ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቁት። ኡቡንቱን በ2004 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ለዓመታት ሲዲውን በፖስታ፣ የመላኪያውን ጭምር ራሱ ችሎ ይልክ ነበር። ሊብሬኦፊስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ጭምር የሚታነጽ ሲሆን የትእዛዝ ዝርዝሩ ሳይቀር በአማርኛ ይከፈታል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ወስደን እንድንጠቀም፣ ገልብጠን ለጎረቤት እንድንሰጥ በጽሑፍ ፈቅደውልናል። የተሰጠንን ትተን ያልተሰጠንን የምንወስደው ለምንድን ነው?

አሮጌ ኮምፒውተር ላላቸውም አንድ ቃል። የዊንዶውስ 10 የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በመደበኛነት አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ልጆቹን የሚያስተምር ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ላፕቶፕ በኡቡንቱ ገና ዓመታት ይሠራል።

የሒሳብ ባለሙያው መልስ

እኅቴ «የተሰረቀ» አሉ። ይህ ቃል አሳዝኖኛል፤ ስለዚህ በቀጥታ እመልሳለሁ።

ቢኤስኤ የተባለው የሶፍትዌር አምራቾች ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዓለም ዙሪያ በግል ኮምፒውተር ላይ ከተጫነው ሶፍትዌር 37 ከመቶው ያለ ፈቃድ የተጫነ ነበር። ከመቶ 37። ይህን ሁሉ ሕዝብ ስለ ሥነ ምግባር ማስተማር አይቻልም። የሚቻለው ዋጋውን ከአቅሙ ጋር ማስታረቅ ነው። የወር ደመወዙ ለአንድ ሶፍትዌር የማይበቃ አባት ለልጁ ወርድና ኤክሴል ቢያስጭንለት፣ ኪሱ ከገባ ሌባ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። አምራቹ ከዚያ ቤት የሚያጣው ገንዘብ የለም፤ ሰውየው ቀድሞውንም ሊገዛ የሚችል አልነበረም። ፈቃድ ያለው ነገር ብቻ እንጠቀም ለሚልም መንገድ አለ፦ ማይክሮሶፍት ራሱ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራውን ኤክሴልና ወርድ በነፃ ይሰጣል።

እኔ ብዙ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ፈትኛለሁ። «በሊብሬኦፊስ ነው የተማርኩት» የሚል ሲመጣ ፈተናው ግን በኤክሴል ነው። ግራ ተጋብቶ ቁልፎቹን ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። ያን ልጅ ለምን በነፃው አሠለጠኑት ብዬ የምቆጣው ስለማዝንለት ነው። ንጹሕ ሕሊና ጥሩ ነገር ነው፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

የመምህርቷ መልስ

ንጹሕ ሕሊና የቤት ኪራይ አይከፍልም! ይህን ዓረፍተ ነገር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላነብላቸው አልችልም። ወንድሜም ለልጆቻቸው የሚያነቡት አይመስለኝም።

አምራቹ የሚያጣው የለም ላሉት፣ አምራቹ ራሱ ያለውን ልንገራቸው። ቢል ጌትስ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ቻይና ሲናገር፣ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንደሚሻል፣ አንዴ ሱስ ከሆነባቸው በኋላ የማስከፈያው ዘዴ ወደፊት እንደሚገኝ ገልጾ ነበር። እንግዲህ ወንድሜ የነገሩን 37 ከመቶ ማለት ይህ ነው። ከመቶ 70 ሰው ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠው አወዳድሮ መርጦ ነው እንዳንል፣ ስንቱ ቤት ነው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የመረጠው? ሱቁ የጫነለትን ነው የሚጠቀመው። የሱቁ ልጅም ፍላሹ ላይ ያለውን ነው የሚጭነው።

በሊብሬኦፊስ ተማርኩ ያለው ወጣት ግራ ተጋባ ተባለ። ግራ የተጋባው አስተማሪው የቁልፍ ቦታ ስላስሸመደደው ነው። ድምር፣ አማካይ፣ ግብር፣ ጡረታ እንዴት እንደሚሰላ የገባው ልጅ ቀመሩን ከሊብሬኦፊስ ወደ ኤክሴል ይዞት ይሄዳል፤ አብዛኛው ቀመር ስሙ እንኳ አይለወጥም። ክፍሌ ውስጥ በሊብሬኦፊስ የጀመሩ ልጆች በኋላ ቢሮ ገብተው ኤክሴል ሲሰጣቸው በጥቂት ቀን ሲለምዱት አይቻለሁ። መሥሪያ ቤት ኤክሴል የሚያስፈልገው ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ገዝቶ ያቅርብ። የአንድ ድርጅት የሥራ መሣሪያ ወጪ ለምን በድሃ ሳሎን ውስጥ በክራክ ይሸፈናል?

ወላጆች፣ ኮምፒውተራችሁን ወደ ፎርማት ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት የልጆቻችሁን ጽሑፍና ፎቶ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ ኡቡንቱን የሚያውቅ ሰው ፈልጉና ፍላሽ ላይ እንዲያዘጋጅላችሁ ጠይቁ። ከፍላሹ ላይ እንዳለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጫን ይከፈታል። ጽሑፍ ጻፉበት፣ ፊልም ክፈቱበት፣ ልጆቹም ይሞክሩት። ካልወደዳችሁት ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ፍላሹን ንቀሉ፤ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ይነሣል። ዊንዶውስ ላይ ለመቆየት ከወሰናችሁም ሊብሬኦፊስን እዚያው ላይ መጫን ይቻላል። አክቲቬተሩን ግን ቤታችሁ አታስገቡት።