ድካሙ የጾም ብቻ ላይሆን ይችላል

በረመዳን «ደከመኝ» ማለት ብርቅ አይደለም። እንቅልፍ ጎድሎ፣ ተራዊህ ቆሞ ማን አይደክምም? እኛ ኢማሞች ግን ሌላ ዓይነት ድካምም እንሰማለን፤ ጾም ሳይገባም ዳገት የማያስወጣ፣ ልብን የሚያስደልቅ፣ ለዓመታት «ተፈጥሮዋ ነው»፣ «ዓይን ነክቷት ነው» ሲባል የኖረ ድካም።

በ687 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ላይ ያረፈው ኢብኑ ነፊስ ሐኪምም የሻፊዒ ፊቅህ ዓሊምም ነበር። የልብን ሁለት የታችኛ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል እንደሆነ ጽፏል። ጤናማ ልብ እንዲህ ነው። አንዳንድ ሰው ግን በልቡ ግድግዳ ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል። ክፍተቱ በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ከሆነ፣ ሰውየው ሮጦ አድጎ፣ አግብቶ ወልዶ፣ 30 እና 40 ዓመት እስኪሞላው ላይታወቅ ይችላል። አንዳንድ ሴቶች ላይ የሚገለጠው በእርግዝና ነው።

እስከዚያ ግን ልብ አያርፍም። ከሳንባ ከተመለሰው ደም ከፊሉ በክፍተቱ ወደ ቀኝ ይሻገርና እንደገና ወደ ሳንባ ይገፋል፤ የቀኙ ክፍል ከአቅሙ በላይ ይሠራል። በአንዳንዶች ላይ የሳንባው የደም ግፊት እጅግ ከፍ ይልና ክፍተቱን መዝጋት ራሱ አደገኛ ይሆናል። ያኔ እርግዝናም የእናቲቱን ሕይወት ያሰጋል። በጊዜው ከተደረሰበት ግን ብዙውን ጊዜ ይዘጋል፤ አንዳንዱም ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት የደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ።

ታዲያ ምን ያዘገየናል? ገንዘብና ርቀት አለ። ይሉኝታችንም ድርሻ አለው። «የልብ ሕመምተኛ ናት ከተባለ ማን ያገባታል?» ብለን የልጃችንን ሕመም እንደብቃለን። ኒካሕ አማና ነው፤ የደበቅነው በምጥ ቀን ሲገለጥ ዋጋውን የምትከፍለው እርሷ ናት።

ስለ ጾሙም እንናገር። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። ክፍተት ያለበት ሁሉ አይጹም አንልም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ተነግሯት ያፈጠረችውንም «ሰነፍ» ብለን አናሸማቅቃት።

በኢፍጣር ማዕዳችን ዙሪያ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ሰው ካለ ዒድን አንጠብቅ። ጤና ተቋም እንውሰደውና ልቡ ይደመጥ፤ ካጠራጠረ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳ። ምርመራው አያምም። ዱዓውን እናድርግ፤ ዱዓ ግን ከሐኪም ደጅ አያስቀርም።