ሁለት ጸሐፊ በአንድ ደብተር

አንባቢ ሆይ፤ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ የሒሳብ ደብተር ይሠራሉ እንበል። በደብተሩ 500 ብር ተጽፏል። አንደኛው ይህን አይቶ 100 ሊደምርበት ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ሁለተኛውም ያንኑ 500 አይቶ 50 ሊደምር ይሄዳል። ፊተኛው መጥቶ 600 ይጽፋል፤ ኋለኛው ያን ሰርዞ 550 ይላል። የሁለቱም ድምር ትክክል ነው፤ 100 ብሩ ግን የለም።

በኮምፒዩተርም ሁለት ሥራዎች ባንድ ጊዜ እየሄዱ አንድ የጋራ ማስታወሻ የሚለውጡ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ማከሚያ የጨረር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 በቴክሳስ፥ በታይለር ከተማ ያደረሰው ጉዳት ከዚህ የመጣ ነው። ሠራተኛዋ የጨረሩን ዓይነት አሳስታ ጽፋ ወዲያው አረመች። መሣሪያው ማግኔቶቹን ለማዘጋጀት 8 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበርና፥ በዚያ መካከል የተደረገውን እርማት አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ሳያየው ቀረ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሁለት ሕሙማን ከልክ ያለፈ ጨረር አግኝቷቸው፥ ኋላ በዚሁ ጠንቅ ሞቱ።

ደብተሩን መቆለፍ ይበቃል የሚሉ አሉ። ደኅና ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ ይረሳል፤ ሁለቱም የያዙትን ሳይለቁ አንዱ የሌላውን ቁልፍ ሲጠብቅ ሥራው እንዳለ ይቆማል። እኔስ የምመርጠው ጆ አርምስትሮንግና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በስዊድን፥ በኤሪክሰን ኩባንያ፥ ለስልክ ሥራ የጀመሩትን የኤርላንግን መንገድ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ጸሐፊ የየራሱ ደብተር አለው፤ ሌላው የሚፈልገው ነገር ቢኖር ደብዳቤ ይልካል፤ ባለደብተሩም ደብዳቤዎቹን በየተራ ያያል።

ተማሪዎቼ «ይህማ ሥራ ያዘገያል» ይሉኛል። አዎን፥ ደብዳቤ መገልበጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ባንድ ጠረጴዛ ላይም ሊከመር ይችላል። ያን ጊዜ ሥራውን ለብዙ ባለደብተሮች ማከፋፈል ነው።