መጋዝ የያዘ ሁሉ የዛፍ ባለሙያ አይደለም፦ የዩለስ ዛፎችና የቴክሳስ የሕግ ክፍተት

ቴክሳስ ፀጉር አስተካካይ የሙያ ፈቃድ እንዲያወጣ ታስገድዳለች። በመኖሪያ ቤት ጣሪያና በኤሌክትሪክ መስመር መካከል የቆመን ትልቅ ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው ግን የምታዘው ፈቃድ የለም። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል የምትገኘው ዩለስ፣ አርቦር ዴዝ በተሰኘው የኤፕሪል በዓሏ ለነዋሪዎቿ ችግኝ የምታድል ከተማ ናት። ችግኝ ማደሏ ያስመሰግናታል። ያደገውን ዛፍ ማን እንደሚቆርጠው አለመጠየቅ ግን በአንድ እጅ ተክሎ በሌላው መንቀል ነው።

በር ላይ የሚፈረም ውል

ሜይ 28 ቀን 2024 ማለዳ በሰሜን ቴክሳስ ያለፈው ዐውሎ ነፋስ ከ600 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞችን በጨለማ አስቀርቷል። እንዲህ ያለ ነፋስ ካለፈ በኋላ በየሰፈሩ የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የጭነት መኪና ይቆማል፤ መጋዝ የያዘ ሰው በር ያንኳኳል። የወደቀውን ቅርንጫፍ ለማንሣት ዋጋ ይጠራል፤ ጤነኛ ሆኖ የቆመውንም ዛፍ “አደገኛ ነው” ብሎ በሒሳቡ ላይ ይጨምራል፤ ቅድሚያ ክፍያም ይጠይቃል። ጣሪያው የተበሳበት የቤት ባለቤት ስለ ሙያ ማረጋገጫና ስለ መድን የሚጠይቅበት ፋታ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተፈረመው ውል ችግር ሲመጣ የሚይዘው ሰው አይኖረውም። መኪናው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሣም።

የአንዱ ግቢ ስሕተት የጎረቤት ኪሣራ ነው

ይህ በሁለት ግለሰቦች መካከል ያለ የንግድ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው የሚሉ አሉ። መልሱ ከመሬት በታች ይገኛል። ኦክ ዊልት የሚባለው የፈንገስ በሽታ በታራንትም ሆነ በዳላስ ካውንቲ መኖሩ ተረጋግጧል። ፈንገሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሱት ትኩስ ቁስል የሚስባቸው ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። ስለዚህ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የደን አገልግሎት ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ ኦክ እንዳይከረከም፣ በየትኛውም ወቅት ቢቆረጥም ቁስሉ ወዲያው ቀለም እንዲቀባ ይመክራል። ቀይ ኦክ በበሽታው ከተያዘ በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ላይቭ ኦክ የሚባሉት ደግሞ ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ስለሚያያዙ በሽታው አጥር ሳያግደው ከግቢ ወደ ግቢ ይሻገራል።

ይህ የጥንቃቄ ወቅት ዐውሎ ነፋስና በረዶ ከሚበረቱበት ከጸደይ ወራት ጋር መገጣጠሙ ነገሩን ያብሰዋል። መጋዙ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ያልሠለጠነ እጅ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ነው። በ2018 በታራንት ካውንቲ መግባቱ የተረጋገጠው የአሽ ዛፍ ቦርቧሪ ጥንዚዛም የሚሰራጨው በዋናነት ሰዎች በሚያጓጉዙት ግንድና ማገዶ ነው። የተቆረጠውን እንጨት ጭኖ ወዳልታወቀ ቦታ የሚሄድ መኪና ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም።

ከዛፍ የሚወድቀው ሠራተኛ

በቴክሳስ የግል አሠሪዎች የሠራተኛ ጉዳት መድን የመግባትና ያለመግባት ምርጫ አላቸው። በዚህ ምክንያት በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ወድቆ አከርካሪው ቢሰበር፣ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍን አካል ላይኖር ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የቤቱ ባለቤትም ከክርክሩ ነጻ እንደሚሆን ዋስትና የለውም። የቴክሳስ የጤናና ደኅንነት ሕግ ምዕራፍ 752 ከፍተኛ ኃይል ባለው መስመር አጠገብ የሚሠራ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ለመስመሩ ባለቤት እንዲያሳውቅ ያዛል። ጠዋት በር አንኳኩቶ ከቀትር በፊት ዛፍ የሚጥል ቡድን ይህን ሕግ ሊያከብር የሚችልበት መንገድ የለም።

“ፈቃድ ድኻውን ያገልላል” ለሚለው ክርክር

ተቃውሞው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ስደተኛውን ከገበያ ማስወጫ ሆኖ አገልግሏል። ቴክሳስ በ2015 ሹሩባ ለሚሠሩ ሰዎች የሚጠየቀውን ፈቃድ ማንሣቷ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ አፍሪካውያን ሴቶችም ተጠቅመውበታል። ነገር ግን የተበላሸ ሹሩባ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። አናቱ የተጎነደለ የ80 ዓመት ኦክ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም፤ ከመሰላል የወደቀ ወጣትም እንዲሁ።

ከዚህም በላይ፣ የሚጠየቀው ፈተናና ረጅም ሥልጠና አይደለም። የሚጠየቀው መታወቅና መጠየቅ የሚቻል መሆን ነው። “የአካባቢ ባለሙያ” ሲባልም ጎረቤት ሁሉ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። አድራሻው የታወቀ፣ መድን ያለው፣ ስሕተቱ ከደንበኞቹ የማይሰወር ሰው ማለት ነው። ሕጉ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። በ2011 የወጣው የንግድ ሕግ ምዕራፍ 58 ከአደጋ በኋላ የጥገና ሥራ የሚይዙ ተቋራጮች ሥራ ሳይጀምሩ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። በካውንቲው ወይም በአጎራባች ካውንቲ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሥራ አድራሻ የነበራቸውን ግን ከክልከላው ነጻ ያደርጋል። ጉድለቱ ሕጉ ዛፍን በስም አለመጥቀሱና አደጋው በይፋ ካልታወጀ ተፈጻሚ አለመሆኑ ነው። ለመበላት የበቃው የቤት ባለቤት ግን ዐዋጅ እስኪነገር አይጠብቅም።

ሊደረግ የሚገባው

በ2023 የወጣው ኤች ቢ 2127 ከተሞች በብዙ መስኮች ከስቴቱ ሕግ አልፈው ደንብ እንዳያወጡ ስለገደበ፣ ዋናው ሥራ የሚጠብቀው በኦስቲን ነው። ዩለስ ግን እጇን አጣጥፋ እንድትቀመጥ የሚያስገድዳት የለም።

1. የስቴቱ ምክር ቤት ምዕራፍ 58ን አሻሽሎ ዛፍ መቁረጥንና መከርከምን በግልጽ ያካትት፤ ቅድሚያ ክፍያን የሚከለክለው ድንጋጌም ይፋ ዐዋጅ ሳይጠበቅ ከማንኛውም ጉዳት ካደረሰ ዐውሎ ነፋስ በኋላ ይሥራ።

2. ማንኛውም የዛፍ ሥራ ተቋራጭ የኃላፊነት መድንና የሠራተኛ ጉዳት መድን ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ከውል በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይገደድ፤ ይህን ሳያደርግ የተፈረመ ውል የቤቱን ባለቤት አያስገድድ።

3. ዩለስ፣ ኸርስትና ቤድፎርድ በራሳቸው የዛፍ ሥራ ጨረታዎች ላይ ዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር ያረጋገጠው ባለሙያ በሥራው ቦታ እንዲገኝና ሠራተኞቹ ሁሉ መድን እንዲኖራቸው ያዝዙ። የአካባቢ መንግሥት ሕግ ክፍል 271.9051 ከተማ በተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ ሥር ባሉ ውሎች ዋጋው ከዝቅተኛው ከ5 በመቶ የማይበልጥ የአካባቢ ተጫራች እንድትመርጥ ይፈቅዳል፤ ይህ ሥልጣን በሥራ ላይ ይዋል።

4. ከተማዪቱ ባለአንድ ገጽ መመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በቶንጋና በአማርኛ አዘጋጅታ በአርቦር ዴዝ ከችግኙ ጋር ታድል። መመሪያው ስለ መድን ምን እንደሚጠየቅ፣ ኦክ መቼ እንደማይነካና ቅድሚያ ክፍያ ለምን እንደማይሰጥ ይንገር።

የቴክሳስ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ ለ140 ቀናት ብቻ ነው፤ ዐውሎ ነፋስ ግን በየዓመቱ ይመጣል። አንድ የጉባኤ ዘመን ባለፈ ቁጥር ሁለት የጸደይ ወቅቶች ያለ ሕግ ያልፋሉ። የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ረቂቁን ከጉባኤው መክፈቻ በፊት ሊያዘጋጁት፣ የማኅበረሰቡ ተሟጋቾችም በዐውሎ ነፋስ የተጎዱ የቤት ባለቤቶችን ውሎችና ደረሰኞች ከወዲሁ ሰብስበው በኮሚቴው ፊት ሊያቀርቧቸው ይገባል።