ራሱን የሚለካ ተዋናይ

በጥቂት ውኃ ውስጥ ትልቅ ቴርሞሜትር ብንነክር መሣሪያው ከውኃው ሙቀት ይወስዳል፤ የምናነበውም ቁጥር ልኬቱ ራሱ የለወጠውን ነው። መድረክ ላይ ቆሞ «እጄን የት ላድርገው? ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆን?» እያለ ራሱን የሚለካ ተዋናይም ከዚህ ብዙ አይለይም። ራሱን በታዘበ ቁጥር ትወናውን ያበላሸዋል።

በተማሪዎች የድራማ ልምምድ ላይ እንዲህ ላለው ወጣት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «አይዞህ፣ ስለ ራስህ አታስብ» የሚል ነው። ምክሩ ከቀና ልብ የመነጨ ቢሆንም አይጠቅምም ባዮች ነን። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ሐሳቡን ማራቅ ተስኗቸው ነበር። «አታስብ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ የተከለከለውን ነገር ያስታውሳልና።

ሮይ ባውማይስተር በ1984 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ደግሞ፣ በአንድ የኳስ ማንከባለል ጨዋታ ትኩረታቸውን ከኳሱ ይልቅ በእጃቸው ላይ እንዲያደርጉ የታዘዙት ሰዎች ዝቅ ያለ ውጤት አስመዝግበዋል።

የቴአትር ሰዎች ይህን ከቤተ ሙከራው ቀድመው ተረድተውታል። በ1898 እ.ኤ.አ. የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በታተመው የትወና መጽሐፉ የማሪያን ታሪክ ይተርካል። ይህች ተማሪ በመጋረጃ እጥፋት ውስጥ የተሰካ ጌጥ እንድትፈልግ ትታዘዛለች። በመጀመሪያ ወዲያ ወዲህ እየተሯሯጠች ጭንቀቷን ለማሳየት ትደክማለች፤ ጌጡን መፈለጉን ግን ረስታዋለች። ጌጡን ካላገኘች ከትምህርት ቤቱ እንደምትሰናበት ሲነገራት ግን እጥፋቱን አንድ በአንድ ትፈትሻለች። እውነተኛው ትወና ያኔ ተጀመረ።

እንግዲህ መፍትሔው ትኩረትን ሥራ ማስያዝ እንጂ ማሰብን መከልከል አይደለም። ተዋናዩ «ምን እመስላለሁ?» የሚለውን ጥያቄ «ከፊቴ ካለው ሰው ምን እፈልጋለሁ?» በሚለው ይተካው። የባልደረባውን ቃል በእርግጥ ያድምጥ፤ ደብዳቤ የሚያነብ ከሆነም ያንብብ እንጂ ማንበብን አያስመስል። ስሕተቱን መመርመር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ የምርመራው ጊዜ ግን ልምምዱ ነው፤ መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ አይደለም።

ይህ ለመድረክ ሰዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። ሴሚናር ሲያቀርብ አንደበቱ የሚታሰር የሳይንስ ተማሪም ሕመሙ ያው ነው። በአንድ ምሽት መንቀጥቀጥ «ተሰጥኦ የለውም» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሥራ ሰጥተነው እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።