የተጠገነ ሲኒ ከእንግዳ አይደበቅ

ረመዳን በገባ ቁጥር ሲኒዎቻችን ይቀንሳሉ። ከኢፍጣር በኋላ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራራል፣ ተራዊሕ እንዳያመልጥ ዕቃው በጥድፊያ ይታጠባል። በሚዛን ተፈሪም ሆነ በሸዋ ቤንች፣ ቡናው ከጓሮ በሚለቀምበት አገራችን፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት የነበረው ሲኒ ለዒድ አራት ሆኖ ይደርሳል። ከስብራቱ ይልቅ የሚከፋው፣ ሲኒው ከእጇ ያመለጣት ልጅ የምትሰማው ቁጣ ነው። ያውም ቀኑን ጾማ፣ ስታስተናግድ አምሽታ!

ጀበና ሲሰበር ገሉን አንጥለውም፤ ፍም አድርገንበት ዕጣን እናጨስበታለን። ሲኒ ሲሆን ግን ወይ ይጣላል፣ ወይ «ለእንግዳ አይሆንም» ተብሎ ጓዳ ይደበቃል። እኛ ይጠገን እንላለን፤ ተጠግኖም ይታይ።

ጃፓኖች ኪንትሱጊ በሚሉት ጥበብ ስብርባሪውን ኡሩሺ በተባለ የዛፍ ፈሳሽ ያያይዙና መስመሩን በወርቅ ብናኝ ያደምቁታል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለን። ቡኻሪ ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጠጫ ዋንጫ ተሰብሮ ስንጥቁ በብር ሰንሰለት ተያይዟል። ከዘጋቢዎቹ አንዱ ዓሲም ያንኑ ዋንጫ በኋላ አይተውታል፤ ጠጥተውበታልም። ዋንጫው አልተጣለም፤ ጥገናውም ለዓይን የሚታይ ነበር።

ወርቁ ላይ ግን እንጠንቀቅ። በወርቅና በብር ዕቃ መጠጣት በሐዲስ ተከልክሏል። ብዙ ዑለማኦች ለችግር ሲባል በጥቂት ብር መጠገንን ሲፈቅዱ፣ በወርቅ ላይ ግን ያጠብቃሉ። ስለዚህ የወርቁ ብናኝ ይቅርብን፤ ከቀለም መሸጫ የሚገኘው ብርማ ቀለም ይበቃል። እሱም ለጌጥ እንጂ ከንፈር ለሚነካው ነገር አይሆንም። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚለጥፈው ማጣበቂያም ቢሆን ለትኩስ ቡና አልተሠራም፤ ሙቀት ያላላዋል። የተለጠፈ ሲኒ ወደ ቡናው አይመለስ።

ታዲያ ምን ይሁን? ዕጣን ይያዝ። ስብራቱን አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ማጣበቂያውን በስንጥር ጫፍ ቀብቶ እስኪይዝ መጫን፣ በማግስቱ መስመሩን በቀጭን ብሩሽ መቀባት ነው፤ የቅዳሜና የእሑድ ሥራ። የሰበረችው ልጅ ራሷ ትሥራው። ለዒድ ረከቦቱ አጠገብ ዕጣን ይዞ ይቀመጥና እንግዳ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ካለ፣ እሷው ትንገረው።