ስልኩ ይጠራል፣ ሞደሙ አይሰማም

ዛሬ ፖለቲካውን ለሌሎቹ ገጾች ትተን ይህን ዓምድ ለስልክ ሰጥተነዋል። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከክሪስታል ሲቲ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙንም ተሻግሮ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለቅሶ ሳይደርስ የቀረን ሰው ከእድር ጸሐፊ ጋር የሚያኳርፍ ጉዳይ ነው።

አንዳንድ እድሮችና ማኅበራት የቆየ ልማድ አላቸው። ሰው ሲሞት ወይም ስብሰባ ሲጠራ ጸሐፊው መልእክቱን በድምፁ ይቀርጻል፤ ኢንተርኔት የማይነካኩት እናትና አባቶቻችን በፈለጉት ሰዓት ደውለው ቀብሩ የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ይሰማሉ። ይህን ሥራ የሚሠራው ከጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተርና ቮይስ ሞደም የሚባለው፣ ስልክ አንሥቶ ድምፅ የሚያሰማውና የሚቀርጸው ዕቃ ነው። ወጣቶቹ ይስቁበታል። እነርሱ ዋትሳፕ አላቸው፤ የሰማንያ ዓመቷ እማማ ግን የላቸውም።

ጣጣው የሚመጣው መስመሩ የተለወጠ ዕለት ነው። የመዳቡ ሽቦ ቀርቶ ስልኩ በኢንተርኔት ወይም በፋይበር ሲገባ ቁጥሩ ያው ነው፤ ደዋዩም ሲጠራ ይሰማል፤ ሞደሙ ግን ጭጭ ይላል። ጸሐፊው ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ሞደም ይገዛል። ያም አይሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። ደዋዩ በጆሮው የሚሰማው ጥሪና ሞደሙ የሚጠብቀው ደወል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለደዋዩ ማስታወቂያ የሚሆን ድምፅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ኤሌክትሪክ ነው። በ1990ዎቹ፣ በዚህ አካባቢ ስልክ ማለት ቤል አትላንቲክ በነበረበት ጊዜ፣ ማዕከሉ በሽቦው ላይ ዘወትር 48 ቮልት ገደማ ዲሲ ያኖር ነበር። ጥሪ ሲመጣ በዚያ ላይ 90 ቮልት ገደማ የሆነ፣ በሰከንድ 20 ጊዜ የሚመላለስ ኤሲ ይጨምርበታል፤ 2 ሰከንድ ይደውላል፣ 4 ሰከንድ ያርፋል። የድሮውን ስልክ ቃጭል የሚያስጮኸው ይህ ጉልበት ነበር። ሞደሙ ቃጭል የለውም። ዲሲውን አግዶ ኤሲውን ብቻ ያስገባል፤ ከተወሰነ ቮልት በላይ ሲሆንለት “ደወል መጣ” ብሎ ለኮምፒዩተሩ ይናገራል፤ ከዚያ በታች የሆነውን የመስመር ረብሻ ነው ብሎ ይተወዋል።

በኢንተርኔት ስልክ ደወሉን የምትሠራው ከኢንተርኔቱ ሳጥን አጠገብ የምትቀመጠው ትንሿ አዳፕተር ናት። አቅሟ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከማዕከሉ ያነሰ ቮልት ትሰጣለች፤ የሞገዱ ቅርጽም እንደ ድሮው የተስተካከለ ላይሆን ይችላል። በራሱ ኃይል የሚጮኸው የዛሬ ስልክ ይህን ደካማ ደወል ይቀበላል። አሮጌ ሞደም አይቀበልም።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። ከአዳፕተሯ ላይ ሌላውን ስልክና ፋክስ ሁሉ ነቅለው ሞደሙን ብቻ በአጭር ገመድ ይሰኩ። ከሞደሙ ሁለት ቀዳዳዎች “ላይን” በሚለው መሰካቱን ይዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከዲኤስኤል ዘመን የቀረች ማጣሪያ በመሐል ካለች ትውጣ። እያንዳንዱ የስልክ ዕቃ በደወሉ ላይ ሸክም አለው። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አር ኢ ኤን ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው ነው። የድሮው መስመር በድምሩ እስከ 5 ይችል ነበር፤ አንዳንድ አዳፕተር ግን ያን ያህል አይችልም። አዳፕተሯን በቤቱ የግድግዳ ሽቦ ላይ ማገናኘት ካማረዎ ደግሞ መጀመሪያ የድሮው ኩባንያ መስመር ውጭ ካለው ሳጥን ላይ ይነቀል፤ አለዚያ ከውጭ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አዳፕተሯን ያቃጥላታል። ስልኩ እየጠራ እያለም ባዶ ሽቦ አይንኩ፤ ይነዝራል።

ቀጥሎ ሞደሙን ራሱን ይጠይቁት። ፑቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሞደሙን ኮም ፖርት ይክፈቱና ኤ እና ቲ ብለው ይጻፉ። “ኦኬ” ካለ ደኅና ነው። ከዚያ ከሞባይልዎ ይደውሉ። በየ6 ሰከንዱ “ሪንግ” የሚል ቃል በስክሪኑ ላይ ከወጣ ሞደሙ እየሰማ ነው፤ ጥፋቱ ከመልስ ሰጪው ፕሮግራም ነው። ምንም ካልወጣ ደወሉ አልደረሰውም።

ደወሉ ካልደረሰው መፍትሔው አዳፕተሯ ውስጥ ነው። በሊንክሲስና በሲስኮ አዳፕተሮች “ሪጅናል” በሚለው ገጽ ሦስት መስመሮች አሉ፦ ሪንግ ዌቭፎርም፣ ሪንግ ፍሪኩዌንሲ፣ ሪንግ ቮልቴጅ። የመጀመሪያውን ሳይኑሶይድ፣ ሁለተኛውን 20፣ ሦስተኛውን ከ85 እስከ 90 ያድርጉት። ኩባንያው የቆለፈው ሳጥን ከሆነ ግን እርስዎ መግባት አይችሉም፤ ደውለው “የደወሉን ቮልት ከፍ አድርጉልኝ” ይበሉ። መጀመሪያ ያነሣው ልጅ ላይገባው ይችላል፤ ከበላዩ ካለው ጋር እንዲያገናኝዎ ይጠይቁ።

ሞደሙ እየሰማ ካላነሣ ደግሞ ቁጥሩን ይዩ። አንድ ጥሪ ከነእረፍቱ 6 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ 5ኛው ጥሪ ላይ እንዲያነሣ ተደርጎ ከሆነ 24 ሰከንድ ያልፋል፤ እስከዚያ የኩባንያው ቮይስ ሜይል ቀድሞ ሊያነሣበት ይችላል። 2ኛው ጥሪ ላይ እንዲያነሣ ያድርጉት። ከ2 በታች አይሂዱ፤ የደዋዩ ቁጥር የሚላከው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥሪ መካከል ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ከአገር ቤት የሚመጣ ጥሪ በብዙ አማላጅ ኩባንያ እጅ ስለሚያልፍ የደዋዩ ቁጥር አንዳንዴ ጠፍቶ፣ አንዳንዴም የሌላ አገር ቁጥር ለብሶ ይደርሳል። “ቁጥሩ የማይታወቅ ጥሪ አይግባ” የሚለው ምርጫ በስልክ ኩባንያው ወይም በፕሮግራሙ ላይ ከተከፈተ፣ ከአዲስ አበባ መርዶ ሊነግር የደወለ ወንድም ከማጭበርበሪያ ደዋዮች ጋር አብሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጥሪ አዳፕተሯ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል የሞደሙን ደወል ቢያስተካክሉም አይገኝም። በእኛ አስተያየት የእድር መስመር ላይ ይህ ምርጫ መዘጋት አለበት፤ የማጭበርበሪያ ጥሪ ቢበዛም ይብዛ።

ሞደሙ ማንሣት ከጀመረ በኋላ የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ፤ አለመዝጋት። የድሮው ማዕከል ደዋዩ ሲዘጋ በሽቦው ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ለአፍታ ቆረጥ ያደርግ ነበር፤ ሞደሙም በዚያ ያውቃል። አንዳንድ አዳፕተር ይህን ምልክት የሚሰጠው ሲ ፒ ሲ የሚለው መስመር ከተሞላ ብቻ ነው። ካልተሞላ መስመሩ እስከ ጠዋት ተይዞ ሊያድር ይችላል። ከአዳፕተሯ ጋር መታገል የማይሆንልዎ ከሆነ ፕሮግራሙ ከ3 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲዘጋ ያድርጉ።

መብራትንም አይርሱ። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ያ ከባድ ማዕበል በመጣ ጊዜ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ የቬራይዘን ማዕከሎች መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አልነሣ ብለው በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 ጥሪ ሳይቀር ተቋርጦ ነበር። ትልቁ ማዕከል እንዲህ ከሆነ የእርስዎ አዳፕተር መብራት በጠፋበት ሰከንድ ትሞታለች። ለኢንተርኔቱ ሳጥን፣ ለአዳፕተሯና ለኮምፒዩተሩ አንድ ዩፒኤስ ይግዙ።

የእድሩ ሥራ አንድ አጭር መልእክት ማሰማት ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ የኩባንያው ቮይስ ሜይል ይበቃል። ሞደሙ የሚያስፈልገው “ለቀብር 1ን፣ ለመዋጮ 2ን ይጫኑ” ለሚል ማኅበር ነው። ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ አንድ ምሽት ሳጥኑንም አዳፕተሯንም አጥፍተው ያብሩ፤ አምስት ደቂቃ ቆይተው አንዴ ከሞባይል ይደውሉ፣ አንዴም ከአገር ቤት ያስደውሉ። ሁለቱንም ካነሣ ቁጥሩን ለአባላቱ ማደል ይችላሉ።